ጦሳን ወጥቶ ገራዶ መውረድ፡ ተቀያሪ የሌለበት ግጥሚያ

እሁድ ከንጋቱ 11፡30 ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ስድስት ሆነን ቆመናል። ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። የሰፈራችን ቡድን አምበል ጨዋታ ሊያስጀምር እንደተዘጋጀ ዳኛ እየዞረ ጫማችንን ይፈትሻል። አጥቂያችን ጋ ሲደርስ ቆመ።

"ይሄ ምንድነው?"

"ታኬታ ነዋ! ጭቃ ላይ አያንሸራትትም" አለ አጥቂው በኩራት።

"ጭቃ ላይ እውነትህን ነው። ድንጋይ ላይ ግን ቁርጭምጭሚትህን ይዘህ ትቀመጣለህ። ሂድና ሸራህን አድርገህ ና፤ አስር ደቂቃ አለህ።"

ሁላችንም ሳቅን። ያልሳቀው በረኛችን ብቻ ነበር። እሱ ቀና ብሎ ገና በጨለማ የተሸፈነውን ጦሳን አየና ዝም አለ። የዕለቱ ፕሮግራም ጦሳን ወጥቶ በወዲያኛው በኩል ገራዶ መውረድና በመኪና ደሴ መመለስ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው። አምናም በወረቀት ላይ ቀላል ነበር።

አምና የተሸነፍነው ከፊሽካው በፊት ነው

አምና ይህንኑ መንገድ የጀመርነው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነበር። ቅዳሜ ማታ ጨዋታ አይተን አምሽተን እንቅልፍ ጥሎን ነዋ! እያንዳንዳችን የያዝነው ግማሽ ሊትር ውሃ ሲሆን፣ የት እንደምንሄድ ለቤተሰቡ የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ጉም መጣ። ከፊት ያለው ልጅ ጀርባ እስኪጠፋ ድረስ ሸፈነን። "እንመለስ" ያለው በረኛው ነው። "ደረስን እኮ፣ ትንሽ እንግፋ" ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

ገፋን። በኋላ ስንወርድ በረኛው እርጥብ ድንጋይ ረገጠና ቀኝ ቁርጭምጭሚቱ ዞረ። 12 ሰዓት ላይ ጨለመ። በሞባይል መብራት፣ በሁለት ሰው ትከሻ ደግፈነው ከተማ የገባነው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ በረኛችን ጎል ውስጥ ቆሞ አያውቅም። እግሩ ቢድንም ለመዝለል ሲነሳ ይፈራል። እኔ እዚህ ገጽ ላይ "አሰልጣኙ ቅያሪ አዘገየ፣ ጨዋታውን ማንበብ አቃተው" እያልኩ ስንቱን አሰልጣኝ ስተች የኖርኩ ሰው ነኝ። የዚያን ቀን ጨዋታውን ማንበብ ያቃተኝ እኔ ነበርኩ።

ዘንድሮ "እንደገና እንሂድ" ያለው ራሱ በረኛው ነው። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ደሴና የፊፋ መስመር

የኳስ ሰው ስለ ከፍታ ሲነሳ የሚያስታውሰው ቦሊቪያን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 ፊፋ ከባህር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ወስኖ ነበር። ደቡብ አሜሪካኖች ተነሱበት። የያኔው የቦሊቪያ ፕሬዝዳንት ኢቮ ሞራሌስ ከ6000 ሜትር በላይ ሳጃማ ተራራ ላይ ወጥተው ኳስ በመጫወት ተቃውሟቸውን አሳዩ። በቀጣዩ ዓመት እገዳው ቀረ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 2009 ደግሞ በዲዬጎ ማራዶና የሚሰለጥነው አርጀንቲና፣ ሜሲን ጭምር ይዞ፣ 3600 ሜትር አካባቢ ላይ በምትገኘው ላፓዝ 6 ለ 1 ተሸነፈ።

ታዲያ ደሴ የት ናት? ከተማችን የቆመችው ፊፋ ባሰመረው በዚያው 2500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባህር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ሲሆን፣ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ጦሳ ጫፍ ደግሞ ወደ 3000 ሜትር ይጠጋል። የደሴ ልጅ አየሩን ለምዶታል። ኮምቦልቻ ግን በግምት 600 ሜትር ዝቅ ብላ የተቀመጠች ጎረቤት ናት። የኮምቦልቻው የክንፍ ተጫዋቻችን በአንድ ቀን ሃረጎን ወጥቶ ጦሳን ሲጨምርበት ከ1000 ሜትር በላይ ከፍ አለ ማለት ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ማታውኑ መጥቶ አምበሉ ቤት እንዲያድር ተደረገ።

ከ2500 ሜትር በላይ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና መፍዘዝ ከጀመረ ተራራው ቢጫ ካርድ አሳየ ማለት ነው። መድኃኒቱ ከፍ አለማለት፣ ካልተሻለም መውረድ ነው። "ወንድ ልጅ ይችለዋል" የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም።

አሰላለፉ ቅዳሜ ማታ ነው የሚወጣው

ዘንድሮ አምበሉ አርብ ማታ ሰበሰበንና አንድ ወረቀት አወጣ። ስኮትላንዳዊው ተራራ ወጪ ዊልያም ኔይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣት ስሌት ናት። ለእያንዳንዱ 5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ያዝ፣ ወደ ላይ ለምትወጣው ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ደግሞ ሌላ አንድ ሰዓት ጨምር ትላለች። አምበሉ በዚህ ላይ ለዕረፍት፣ ለፎቶና ለአጥቂው ወሬ ሌላ ሁለት ሰዓት ደመረበት። ከዚያ ከኋላ ወደ ፊት ቆጠረ። ማታ 12 ሰዓት ይጨልማል። ገራዶ ቢዘገይ ቢዘገይ 9 ሰዓት መግባት አለብን። ስለዚህ 5 ሰዓት ላይ የትም እንሁን የት፣ ጫፍ ደረስንም አልደረስንም፣ ፊታችንን ወደ ቁልቁለቱ እናዞራለን። "ተጨማሪ ሰዓት የለም፣ ክርክርም የለም" አለ።

የቀረው ስንቅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ቢያንስ ሁለት ሊትር ተኩል ውሃ፤ ቆሎ፣ በሶ፣ ድፎ ዳቦና ሙዝ፤ ኮፍያ፣ ምክንያቱም ከፍታ ሲጨምር ፀሐይዋ ታቃጥላለች፤ ጃኬት፣ ምክንያቱም በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 ዲግሪ በላይ ይወርዳል። ፋሻ፣ ፉጨት የሚያሰማ ፊሽካና የእጅ መብራትም ተያዘ። ቤት ለቀረ ሰውም በየት እንደምንሄድና ስንት ሰዓት እንደምንመለስ ተነገረው። 12 ሰዓት ላይ ካልደወልን ሰው ይፈልገናል።

ወቅቱም ታስቦበታል። ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ያለው በጋ ለእግር ጥሩ ነው። በክረምት ግን የደሴ ዙሪያ ተዳፋት መሬቱ የሚንሸራተት በመሆኑ አይሞከርም። መሬት መንሸራተት በደሴ የሰማነው ሳይሆን ያየነው ነገር ነው።

ሌላም በአካባቢያችን የግድ የሚነሳ ነገር አለ። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ውስጥ ያለፉ ከተሞች ናቸው። ጦርነት ባለፈበት ተራራ ላይ የማታውቁትን ብረት አታንሱ፣ በእግር አትምቱ፤ ለኳስ ሰው ይቺ ሁለተኛዋ ትከብዳለች፣ ግን ሕይወት ናት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ካለው ግጭት የተነሳም የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሰው ሳይጠይቁ መውጣት ሞኝነት ነው። እኛም ሁለት እሁድ ቀጠሮ ሰርዘን ነው በሦስተኛው የወጣነው። ጨዋታ ቢራዘም ማንም አይሞትም።

የመጀመሪያው አጋማሽ

12 ሰዓት ላይ ተንቀሳቀስን። አጥቂው እንደ ልማዱ ገና በመጀመሪያው ደቂቃ ፈተለከ። አምበሉ ፊሽካውን ነፋበትና ከኋላ አስቀመጠው። ከፊት እንዲሄድ የተደረገው በረኛው ነው። ሕጉ ግልጽ ነበር፤ የቡድኑ ፍጥነት የዘገምተኛው ሰው ፍጥነት ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ናችሁ፣ ወሬው ከተቆራረጠ ፍጥነቱ በዝቷል።

በባህር ዛፉ መሃል ስንወጣ ከተማዋ ከሥር ቀስ እያለች ተገለጠች። ጭስ፣ የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ፣ የመጀመሪያዎቹ ሚኒባሶች ጥሩምባ። በየአርባ አምስት ደቂቃው ዕረፍት አለን፤ አምስት ደቂቃ፣ ውሃ፣ አንድ ጭብጥ ቆሎ። 2 ሰዓት ተኩል ገደማ የኮምቦልቻው ልጅ ወሬ ቆመ።

"ምነው?" አለው በረኛው ዞር ብሎ።

"ራሴን ትንሽ ወጋኝ።"

አምና ቢሆን "አብሽር፣ ደረስን" እንለው ነበር። አሁን ግን ሃያ ደቂቃ ተቀመጥን። ውሃ ጠጣ፣ ሙዝ በላ፣ ቀለለው። "ከከፋብህ አብሬህ የምወርደው እኔ ነኝ" አለው በረኛው። ይህንን ሲናገር ድምፁ ጎል ውስጥ ቆሞ ተከላካዮቹን የሚያዘው የድሮው ድምፅ ነበር።

ከጦሳ ላይ ያለውን ለማየት መውጣት ነው። በምሥራቅ በኩል ደሴ መዳፍ ላይ የተቀመጠች ትመስላለች። በምዕራብ ደግሞ ገራዶ በጠዋት ፀሐይ አረንጓዴና ቢጫ ሆኖ ተዘርግቷል። አምበሉ የሃይላንዱን ክዳን ከፍቶ "ወዲህ ያፈሰስኩት ውሃ በቦርከና አድርጎ አዋሽ ይገባና አፋር በረሃ ላይ ይቀራል፤ ወዲያ ያፈሰስኩት ግን በበሽሎ ዓባይ ገብቶ ግብፅ ይደርሳል" አለን። አጥቂው "እንግዲያው ግብፅን ለማሸነፍ ውሃውን ወዲህ አፍስሰው!" ሲል ሳቁ ተራራውን ሞላው።

5 ሰዓት

ፈተናው የመጣው እዚህ ነው። 5 ሰዓት ሊሆን አስር ደቂቃ ሲቀረው አጥቂው በሸንተረሩ ላይ ወደፊት ያለውን ሌላ ከፍ ያለ ቦታ አየ። "ያቺን እንንካትና እንመለስ፣ ግማሽ ሰዓት ናት" አለ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፣ ጉም የሚባል የለም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ሄዷል። ሁለት ሰው ደገፈው።

በረኛው ወደ እኔ ዞረ። ምንም አላለም። እኔም ሰዓቴን አየሁና "እንውረድ" አልኩ። አምበሉ ቀድሞ ቦርሳውን አንስቶ ነበር።

አጥቂው አኩርፎ ሃያ ደቂቃ ያህል አላናገረኝም። ያልነካናት ጫፍ እስከ ዛሬ እዚያው ናት፣ የትም አትሄድም።

ቁልቁለቱ ላይ ነው ሰው የሚጎዳው

ብዙ ሰው ዳገቱ ካለቀ ጨዋታው ያለቀ ይመስለዋል። የጭን ጡንቻ በእውነት የሚመታው ግን ሲወርዱ ነው። እየተሳበ ክብደት ስለሚይዝ ሕመሙ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ይመጣል። ስለዚህ ተጫዋች የሆናችሁ አንባቢዎች፣ ግጥሚያ ሊኖራችሁ ሁለት ሦስት ቀን ሲቀር ተራራ አትውጡ። ሲወርዱ እርምጃን ማሳጠር፣ ጉልበትን ትንሽ እጥፍ ማድረግ፣ ዱላ መያዝና የጫማን ክር ማጥበቅ ነው።

በረኛው ዱላውን ይዞ ሲወርድ እያንዳንዱን ድንጋይ በእግሩ ጫፍ ይሞክራል። አንድ ቦታ ላይ ጠጠሩ ከሥሩ ተንከባለለ። እኛ ስንጮህ እሱ ወደ ጎን ዘለለና በሁለት እግሩ ቆመ። ለአፍታ ሁላችንም ዝም አልን። ቀኝ እግሩን አየው፣ ረገጠበት፣ እንደገና ረገጠበት። "ምንም አልሆነም" አለ፤ ለእኛ ይሁን ለራሱ አላውቅም።

8 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ገራዶ ገባን። የመስኖ ውሃ በማሳው ዳር ይሄዳል፣ የሽንኩርት ሽታ ከአፈሩ ጋር ይነሳል። ከመንገድ ዳር ቡና የሚያፈሉ እናት ጥላ ሥር አስቀመጡን። ከየት እንደመጣን ስንነግራቸው ቀና ብለው ተራራውን አዩ።

"በመኪና እየተመጣ በእግራችሁ? ምን ቸግሯችሁ ነው ልጆቼ?"

"ለስፖርት ነው እማማ" አላቸው አጥቂው።

"እኛ ገበያ ስንወጣበት የኖርነውን ስፖርት አላችሁት!" ብለው ሳቁና አቦሉን ቀዱ። ቶናውንም በረካውንም ጠጣን። ሂሳብ ስንል ስድስት ስኒ ብቻ ቆጠሩ።

11 ሰዓት ሳይሆን ሚኒባስ ይዘን ደሴ ገባን፤ ቤት ለቀረው ሰው ደወልን፣ ተጣጥበን የማታውን ጨዋታ ደረስንበት። ማክሰኞ ዕለት ጭናችን እንጨት ሆኖ ደረጃ መውረድ አቅቶን ነበር። ሐሙስ የቡድኑ ልምምድ ሲጀመር ግን በረኛው ጓንቱን ይዞ መጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ኳሶች አልዘለለም፣ ገቡበት። ሦስተኛውን ግን በቀኝ እግሩ ተነስቶ በጣቱ ጫፍ አወጣው።

እናንተም ካሰባችሁ አሰላለፋችሁን ቅዳሜ ማታ አውጡ፣ የመመለሻ ሰዓታችሁን ቀድማችሁ ቁረጡ፣ ሰዓቱ ሲደርስም አክብሩት። ቸር ይግጠመን።