ጥፋቱ የመኪናው ነው ወይስ የነጂው?

ከደሴ ወረድ ብላ በምትገኘው በገራዶ፣ በዘመዳችን ቤት በእንግድነት ተቀምጠን ሳለ የቤቱ ልጅ ፊቱ ተለዋውጦ ከጓዳ ወጣ። ኮምፒዩተሩ አዲስ የሊኑክስ ከርነል ከተጫነለት ወዲህ ስክሪኑ ጥቂት ብልጭ ይልና ድርቅ ብሎ ይቀራል። የመመረቂያ ጽሑፉ በሙሉ ያለው በዚሁ ውስጥ ነው፤ ሌላ ቅጂ አላስቀረም። አንድ የጥገና ባለሙያም «ሁሉን አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫነው» ብሎታል። እኛም «አብሽር፤ ከማጥፋት በፊት መጠየቅ ይቀድማል» አልነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከርነል ማለት ሜሞሪውን፣ ዲስኩንና ፕሮግራሞቹን ሁሉ የሚያስተዳድረው የሥርዓቱ እምብርት ነው። ተራ ፕሮግራም ቢሳሳት ከርነሉ እሱን ብቻ አስወጥቶ ሥራውን ይቀጥላል። ድራይቨር፣ ማለት የዕቃው ነጂ፣ ግን በአብዛኛው የሚሠራው በዚያው እምብርት ውስጥ በሙሉ ሥልጣን ስለ ሆነ፣ እሱ የተሳሳተ እንደ ሆነ ቤቱ በሙሉ ይናጋል። ከነጂዎቹም እጅግ ከተወሳሰቡት አንዱ የግራፊክስ ካርዱ ነው። ይህም የሊኑክስ ብቻ ጣጣ አይደለም፤ በ2008 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ፍርድ ቤት ይፋ በሆነ የማይክሮሶፍት ሰነድ እንደ ታየው፣ በ2007 ከተመዘገቡት የዊንዶውስ ቪስታ ብልሽቶች 29 በመቶ ያህሉ ከኢንቪዲያ ድራይቨሮች የመጡ ነበሩ።

ወደ ገራዶ እንመለስ። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ኢስኬፕ የሚባለውን ቁልፍ ተጭነን የመነሻውን ዝርዝር ብናወጣ፣ የቀድሞው ከርነል ሳይጠፋ ተቀምጦ አገኘነው። እሱን ብንመርጥ መኪናው በሰላም ተነሣ። ልጁ ከሁሉ አስቀድሞ ጽሑፉን ወደ ፍላሽ ገለበጠ፤ ያስገደድነው እኛ ነን። ከዚያም ኮምፒዩተሩ የወደቀበትን ጊዜ መዝገብ ስናነብ፣ በመጨረሻዎቹ መስመሮች የሚደጋገመው የካርዱ ድራይቨር ስም ሆነ። ድራይቨሩ አሮጌ ስለ ነበረ ከአዲሱ ከርነል ጋር አልተስማማም። አንባቢያችን ልብ ይበሉ፤ ብልሽቱ የከፋ ሲሆን መዝገቡ ራሱ ሳይጻፍ ይቀራል። ያን ጊዜ በመነሻው ትእዛዝ ላይ «ኖሞድሴት» የሚለውን ቃል መጨመር ይረዳል፤ ሥዕሉ ሸካራ ቢሆንም ገብቶ ለመጠገን ይበቃል።

አሮጌው ድራይቨር ወጥቶ አዲሱ ተተካ። ማታ ቡና ሲፈላ ልጁ አዲሱን ከርነል አስነሣ፤ ስክሪኑም ሳይደርቅ በራ። ፍላሹ ግን እስክንሰናበት ድረስ ከኪሱ አልወጣም።