በዋስትና ሥር ያለ የጭነት መኪና በመንገድ ላይ ሲጠፋ

ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር በኩል ለመዘዞ እህል የሚያደርስ የናፍጣ መኪና ጉልበት እያጣ ይጠፋና ጥቂት ካረፈ በኋላ ደኅና ሲነሣ፥ ጋራዥ ሲደርስ ብልሽቱ አይታይም። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል በመሆኑ ጥፋቱ በከፍታው ይመካኛል፤ የከፍታ ድካም ግን የማያቋርጥ እንጂ እየመጣ የሚሄድ አይደለም። የሰልባትዮው መተንፈሻ በአቧራ ሲደፈን ግን ናፍጣው በጎደለ መጠን አየር ስለማይተካ ፖምፓው መሳብ ይሳነዋል፤ መኪናው ሲያርፍ አየር ቀስ በቀስ ይሰርጋል። ሞተሩ እንደ ጠፋ ክዳኑ ሲከፈት አየር እያፏጨ ከገባ ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ካልሆነ ፊልትሮው ይታያል። ሾፌሩም የጠፋበትን ሥፍራ፥ ሰዓቱንና ጭነቱን መመዝገብ አለበት። የፖምፓው የፋብሪካ እሽግ በመንገድ ላይ ከተፈታ ግን ዋስትናው ሊቀር፥ የጥገናውም ወጪ ለእህል ማጓጓዣ ከተመደበው ገንዘብ ላይ ሊነሣ ይችላል።