በአባይ ገደል ውስጥ የሚጋልበው የጎማ ጀልባ

በደቡብ ወሎ የሚገኘው የወግዲ ደጋ ወደ ምዕራብ ሲዘልቅ ድንገት ገደል አፋፍ ላይ ያበቃል። ማዶ የሚታየው ጎጃም ነው። ለዓይን ቅርብ ነው፤ ለእግር ግን መካከሉ ላይ አባይ አለ። ለወግዲና ለቦረና ሰው ይህ ውሃ ለዘመናት ድንበርም ፈተናም ሆኖ ኖሯል። ለገበያ፣ ለዘመድ ጥየቃ ወይም ለስለት የተሻገረ ሁሉ ጉልበቱን ያውቀዋል። ይህንኑ ጉልበት ፍለጋ ባሕር አቋርጠው የመጡ ሰዎችም አሉ። ዛሬ የምናስተዋውቀው እነርሱን ተሸክሞ በገደሉ ውስጥ ያለፈውን መሣሪያ፣ የወንዝ የጎማ ጀልባን ነው።

በውሃ ላይ የመፍጠን ፍላጎት ብዙ መልክ አለው። ባሕር ያላቸው አገሮች ትልልቅ የመወዳደሪያ የሸራ ጀልባዎች ይሠራሉ። በ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2021) ኦክላንድ ላይ ለአሜሪካ ዋንጫ የተወዳደሩት ጀልባዎች ከሥራቸው በተተከለ ክንፍ ከውሃው በላይ እየተነሡ በሰዓት ከ90 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርሩ ነበር። የሸራ ጀልባ የዓለም ክብረ ወሰን የተመዘገበው ደግሞ እዚሁ አፍሪካ ውስጥ ነው፤ ኅዳር 2005 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2012) ናሚቢያ፣ ዋልቪስ ቤይ ላይ አንድ ጀልባ በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ሮጠ። እነዚህን ጀልባዎች የሚነዳቸው ነፋስ ነው። የአባይን ጀልባ የሚነዳው ግን ቁልቁለት ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ወንዙ ሱዳን ድንበር ሲደርስ ከፍታው 500 ሜትር አካባቢ ነው። አባይ ጎጃምን ከበብ አድርጎ ሲዞር 1,300 ሜትር ያህል ይወርዳል ማለት ነው። ቁልቁለቱ ግን እኩል አልተከፋፈለም። ወንዙ ብዙ ቦታ ሰፍቶና ረግቶ ይሄዳል፤ ገደሉ ሲጠብብ ወይም ከላይ የተናደ ቋጥኝ መንገዱን ሲዘጋው ያ ሁሉ ውሃ በአንዲት ጠባብ በር ለማለፍ ይሽቀዳደማል። አረፋ የሚደፍቀው፣ የሚያጓራው፣ ጀልባውንም የሚያስጋልበው እዚያ ነው። በዚያ ላይ በሽሎ፣ ወለቃና ጀማ ከወሎና ከሸዋ ደጋ የሰበሰቡትን ውሃ እየጨመሩበት ይወርዳሉ።

ብረት የተሰበረበት፣ ጎማ ያለፈበት

ይህን ወንዝ በጀልባ ለመውረድ ከሞከሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ አሜሪካዊው ዊሊያም ማክሚላን ነው። በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1903) የብረት ጀልባዎች አስመጥቶ አባይ ላይ አወረደ። ጀልባዎቹ ብዙም ሳይሄዱ ከቋጥኝ ጋር ተላትመው ተሰባበሩ። ከእርሱ በኋላ ገደሉን አጥንቶ ካርታውን ያነሣው፣ ዳንግላ የነበረው የብሪታንያ ቆንስል ሮበርት ቺዝማን፣ ሥራውን የሠራው በጀልባ ሳይሆን በእግርና በበቅሎ ነበር።

መልሱ የተገኘው ከጎማ ነው። በ1960 ዓ.ም. ክረምት (እ.ኤ.አ. 1968)፣ በቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴ ግብዣ፣ የብሪታንያ ጦር መኮንኑ ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ትልቅ የጥናት ቡድን ይዞ መጣ። ክረምቱን የመረጡት ወንዙ ሲሞላ ቋጥኞቹ በውሃ ስለሚሸፈኑና የሞተር ጀልባ ማለፍ ስለሚችል ነው። በአባይ ላይ ከተሠራው ከሻፈርታክ ድልድይ በታች በሞተር ጀልባ ተጓዙ። ከጣና በኩል ያለውን አስቸጋሪ ክፍል ደግሞ ሬድሻንክ በሚባሉ ትንንሽ የጎማ ጀልባዎች ደፈሩት። ጉዞው ዋጋ አስከፍሏል፤ አንድ ወታደር ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወስዶት ሞቷል፤ ሽፍቶችም ተኩስ ከፍተውባቸዋል። ጎማው ግን ብረት ያልቻለውን ቻለ። ሲመታ ይታጠፋል፤ ሲጫኑት ይለጠጣል፤ ቋጥኝ ላይ ሲወጣ ይንሸራተታል።

ይህ ጥበብ ለአገራችን ፍጹም እንግዳ አይደለም። የአባይ ዳር ሰው የተነፋ የፍየል ቆዳ ደረቱ ሥር ይዞ ሲሻገር የተጠቀመው በዚሁ በታፈነ አየር ኃይል ነው። የጣና ታንኳም ከደንገል ታስሮ የሚሠራው ቀላልና ልል ሆኖ ነው።

ጀልባው እንዴት ይሠራል?

ዛሬ ለወንዝ የሚሠራው የጎማ ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ሜትር ይረዝማል። ዙሪያውን የከበበው ወፍራም ቱቦ በውስጡ በተለያዩ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ አንዱ ቢቀደድ ሌሎቹ ያንሳፍፉታል። ወለሉም በአየር የተነፋ ሲሆን ጠርዙ ላይ ቀዳዳዎች አሉት። ማዕበል ገብቶ ቢሞላው ውሃው በራሱ ይፈስሳል። ይህ ከመፈልሰፉ በፊት ቀዛፊዎች በየመሃሉ በባልዲ ውሃ ይቀዱ ነበር፤ ውሃ የሞላ ጀልባ ደግሞ አይታዘዝም።

ስድስት ወይም ስምንት ሰው ግራና ቀኝ ጠርዙ ላይ ተቀምጦ ይቀዝፋል። መሪው ከኋላ ሆኖ "ወደፊት!"፣ "ወደኋላ!"፣ "አቁም!" እያለ ያዝዛል። ጀልባው ቋጥኝ ላይ ተለጥፎ ሊገለበጥ ሲል ደግሞ ሁሉም ወደ ቋጥኙ፣ ከፍ ወዳለው ጎን፣ ክብደቱን እንዲጥል ይጮኻል። በፍርሃት ከቋጥኙ የሸሸ ጀልባውን ይገለብጠዋል።

የመሪው ዋና ሙያ ግን ክንዱ ላይ ሳይሆን ዓይኑ ላይ ነው፤ ውሃ ማንበብ አለበት። ለስላሳው ውሃ ጫፉን ወደ ታች አሹሎ ሲወርድ ጥልቁ መንገድ እዚያ ነው። ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መነሻ፣ ካመለከተ ግን ከሥሩ ድንጋይ አለ። ከትልቅ ቋጥኝ ጀርባ ያለው ውሃ ረግቶ ወደ ኋላ ይዞራል፤ ጀልባ ቆሞ የሚያርፍበትና የቀጣዩን መንገድ የሚያይበት ቦታ ነው። ከሁሉ የሚያስፈራው ውሃው ከድንጋይ ላይ ዘልሎ ወርዶ በራሱ ላይ የሚጠመለልበት ጉድጓድ ነው፤ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። የወንዝ ቀዛፊዎች ይህን ሁሉ ከአንድ እስከ ስድስት ደረጃ ይሰጡታል። ስድስተኛው ሕይወት የሚያስከፍል ነው። አስተዋይ መሪ እንዲህ ያለውን ሲያይ ጀልባውን አውጥቶ በትከሻ ያሳልፈዋል።

እንዲህ ያለው ጀልባ በኃይለኛ ውሃ ላይ በሰዓት ከ15 እስከ 20 ኪሎ ሜትር ቢሮጥ ነው። ተሳፋሪው ግን የተቀመጠው ከውሃው ጥቂት ስንዝር ከፍ ብሎ ስለሆነ ማዕበሉ ከራሱ በላይ ይነሣበታል፤ ገደሉ በግራና በቀኝ ያልፈዋል፤ ጀልባው ከሥሩ ሲጎብጥና ሲቀና በገላው ይሰማዋል። ስምንት ሰው በአንድ ትእዛዝ ቀዝፎ ከዚያ ሲወጣ የሚሰማው ደስታ ከፍጥነቱ ብቻ የመጣ አይደለም፤ እርስ በርስ ተማምኖ ካለፈው አደጋ የመጣ ነው።

ከወግዲ ልጆች ማን ይምራ?

ኢትዮጵያ በዚህ ስፖርት ታሪክ ትልቅ ስም አላት። አሜሪካዊው ሪቻርድ ባንግስ በ1965 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1973) ከጓደኞቹ ጋር አዋሽን ከዚያም ኦሞን ወርዶ ሶቤክ የተባለውን የጉዞ ድርጅት መሠረተ፤ ስሙ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ነው። በ1996 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2003–2004) ደግሞ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከአባይ ምንጭ፣ ከሰከላ፣ ተነሥተው ሜድትራንያን ባሕር ድረስ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጓዙ። በእነዚህ ታሪኮች ሁሉ ጀልባውን የመራው የውጭ ሰው ነው።

ወንዙ እስካሁን አለ። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ የሚተኛው 640 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ በወግዲ በኩል ያለው አባይ ከዚያ እጅግ በላይ ስለሚያልፍ ሐይቁ አይደርስበትም። ለጀልባ የሚመቸው ደራሽ ጎርፍ ካለፈ በኋላ፣ ውሃው ሳይጎድል፣ ከጥቅምት ጀምሮ ባሉት ወራት ነው። አዞና ጉማሬ አሉ፤ ከገደሉ መውጫው ሩቅ ነው፤ አካባቢውም አስተማማኝ ሰላም ይፈልጋል። ስለዚህ እዚህ ወንዝ ላይ እንግዳን በጀልባ ማጓጓዝ ነገ ጠዋት የሚጀመር ሥራ አይደለም።

የወግዲን ወጣቶች ለመሪነት ማሠልጠን ግን ቱሪስት መጠበቅ የለበትም። የጀልባ መሪ ከመቅዘፍ በፊት የሚማረው ነፍስ ማዳን ነው። ውሃ የወሰደው ሰው በጀርባው ተንጋልሎ እግሩን ውሃው ወደሚሄድበት አቅጣጫ ማስቀደም አለበት፤ በሚሮጥ ውሃ ውስጥ ለመቆም ፈጽሞ መሞከር የለበትም፤ እግሩ ድንጋይ መሃል ከተቀረቀረ ውሃው ይጫነዋልና። ገመድም የሚወረወረው ከሰውየው ትንሽ አሳልፎ ነው። ይህን የሚያውቁ ወጣቶች በየመሻገሪያው ቢኖሩ፣ አንድም እንግዳ ጀልባ ይዞ ሳይመጣ፣ ለገበያ የወጣ ሰው በሰላም ይመለሳል። እንግዳውም ሲመጣ የወንዙን ጠባይ ከወግዲ ልጅ በላይ የሚነግረው የለም። የመሪው ቦታ የእርሱ ሊሆን ይገባል።