ፀሐይ ሲበረታ ሶላሩ ለምን ይደክማል?

ድሬዳዋ ፀሐይ ሞልቷታል። ታዲያ ሶላር ፓነል እዚያ እንደልቡ መሥራት የለበትም? ነገሩ ወዲህ ነው፤ ፓነል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። ሲሊከኑ ሲግል ቮልቴጁ ይወርዳል። ፓነል ላይ የተጻፈው ዋት የተለካው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ከዚያ በላይ በየዲግሪው 0.4 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ፓነሉ ቀትር ላይ 65 ዲግሪ ከደረሰ፣ 100 ዋት የነበረው ወደ 84 ይወርዳል ማለት ነው።

እስቲ ሞክሩት። ሁለት አንድ ዓይነት ትንንሽ ፓነሎችን ፀሐይ ላይ እኩል አስቀምጡ። የአንዱን ጀርባ፣ ሽቦው ሳይነካ፣ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሁለቱንም ቮልቴጅ በመልቲሜትር ለኩ። ከዚያ ጨርቁን ወደ ሌላኛው አዙሩና ድገሙት፤ ልዩነቱ ከፓነሉ ሳይሆን ከሙቀቱ መሆኑን የምታውቁት ያኔ ነው።

ቤት ጣሪያ ላይ ግን ጨርቅ አያስፈልግም። ፓነሉን ከቆርቆሮው ከፍ አድርጎ መስቀል፣ ከሥሩ ነፋስ እንዲያልፍ ያደርጋል።