ከአስር አለቃ ወደ ነርስ መኮንን፦ የሚወራውና እውነታው

ባሕር ዳር ላይ ልጁ ወታደር የሆነ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ አንዱ በአገር መከላከያ፣ አንዱ ደግሞ ዲቪ ደርሶት በሄደበት በአሜሪካ ጦር። ልጁ ደውሎ «ሕክምና ክፍል ተመድቤያለሁ» ካለ ቤቱ ውስጥ «ነርስ ሆነ» ይባላል። ወሬው ጎረቤት ሲደርስ «መኮንን ሆነ» ይሆናል። ሁለቱም ብዙውን ጊዜ ትክክል አይደሉም። ክፉው ነገር ልጁ ራሱ ወሬውን ሲያምን ነው፤ «አገልግሎቴ ይቆጠርልኛል» እያለ መማሪያ ዓመታቱን ያሳልፋል። እነዚያ ዓመታት ስለሚቆጩኝ ነገሩን አንድ በአንድ ማየት ፈለግሁ።

ተረት፦ ብዙ ዓመት ቁስል ያሰረ ወታደር በልምድ ነርስ ይሆናል።

ይህ እምነት ያለ ምክንያት አልመጣም። በንጉሡ ጊዜ ድሬሰር የሚባል ባለሙያ ነበር። ሆስፒታል ውስጥ አጭር ሥልጠና ወስዶ ቁስል ያጥባል፣ መርፌ ይወጋል፣ ሐኪም በሌለበት አገር እንደ ሐኪም ይታያል። ከጦሩ የወጡ ድሬሰሮችም በየከተማው ሰው ይፈውሱ ነበር፤ ውለታቸው አይረሳም። ነገር ግን ያ በር የተከፈተው የተማረ ሰው ስላልነበረ ነው። የጣና ዳርቻ የተማረ ባለሙያ እጦትን በመከራ አይቶታል። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ከሐይቁ በስተ ሰሜን በደንቢያ ሜዳ የገባው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ጨርሷል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የንጽህና ባለሙያ በአንድ ቡድን አድርጎ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ነርስነት በትምህርትና በፈተና የሚገኝ ሙያ እየሆነ መጣ።

ልዩነቱ የወረቀት ብቻ አይደለም። የጦር ሜዳ ሕክምና ባለሙያ ሥራው ደም ማቆም፣ የአየር መተላለፊያ መክፈት፣ ቁስለኛውን ነፍሱ ሳትወጣ ወደ ኋላ ማድረስ ነው። በተኩስ መሃል ይህን የሚያደርግ ሰው ክብር ይገባዋል። ነርሷ ግን የምትረከበው ከዚያ በኋላ ያለውን ሌሊት ነው። ለቀዶ ሕክምና በሽተኛ 1,000 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት ውስጥ ይግባ ተብሎ ታዟል እንበል። የጉሉኮሱ መስመር ለ1 ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ የሚያወርድ ከሆነ በደቂቃ 42 ጠብታ ያህል መሆን አለበት። ነርሷ ይህን አስልታ፣ ሰዓቷን ይዛ ጠብታውን ትቆጥራለች። በሽተኛው ልቡ ደካማ ከሆነ ደግሞ ያው 42 ጠብታ ሳንባውን በውኃ ሊሞላው እንደሚችል ታውቃለች። ስለዚህ ትንፋሹን ታዳምጣለች፣ ሽንቱን ትለካለች፣ ካላማራት ሐኪሙን ትቀሰቅሳለች። የዚህ ዓይነት ዳኝነት የሰውነትን አሠራርና የመድኃኒትን ጠባይ ተምሮ፣ በተቆጣጣሪ ፊት ተለማምዶ የሚመጣ ነው።

በአገራችን የነርስነት ዲግሪ 4 ዓመት ይፈጃል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂው የመውጫ ፈተና ማለፍ አለበት፤ ቀጥሎ የሙያ ፈቃድ ይመጣል። በደረጃ 4 የሚማረው ደግሞ ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና ይጠብቀዋል። ከሠራዊቱ ተሰናብቶ ባሕር ዳር የገባና መማር የፈለገ ሰው ባሕር ዳር ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ወይም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት የሚጠየቀው የትምህርት ማስረጃውን ነው። የሜዳ ልምዱ ክፍል ውስጥም በልምምድም በጣም ይጠቅመዋል፤ ትምህርቱን ግን አይተካለትም።

ተረት፦ ነርስ ከሆነ መኮንን ነው።

ማዕረግና ሙያ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት መሰላሎች ናቸው፤ አንዱን መውጣት ሌላው ላይ አያደርስም። ከተራ ወታደርነት ተነስቶ መኮንን መሆን ለኢትዮጵያ ሠራዊት እንግዳ አይደለም፤ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ከታች የተነሱ ብዙ መኮንኖችን አውጥቷል። የነርስ መኮንንነት የሚለየው ከወታደራዊው ሥልጠና ሌላ የነርስነት ዲግሪና ፈቃድ ስለሚጠይቅ ነው።

የአሜሪካው ጦር ይህን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ሜዲክ የሚባለው ወታደር የኢኤምቲ (የድንገተኛ ሕክምና ባለሙያ) ምስክር ወረቀት ይኖረዋል እንጂ ነርስ አይደለም። ፕራክቲካል ነርስ ሆኖ የሚሠለጥነውም ፈቃድ አለው፣ በሽተኛ ይይዛል፤ ማዕረጉ ግን የባለሌላ ማዕረግ ነው። መኮንን የሚሆነው በዲግሪ የተመረቀና ኤንክሌክስ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና ያለፈ ነርስ ነው።

እዚህ ላይ ዲቪ የደረሳቸው ልጆቻችን የሚስቱት ሌላ ነገር አለ። በግሪን ካርድ ወታደር መሆን ይቻላል፤ በመደበኛው ጦር መኮንን ለመሆን ግን የአሜሪካ ዜግነት ግድ ነው። ውትድርናው ዜግነት የማግኛውን ጊዜ ያሳጥራል፤ ማመልከቻውን የሚሞላው ግን ወታደሩ ነው።

ዜግነቱ ከተገኘ በኋላ ኤኢሲፒ የሚባል መርሐ ግብር አለ። የተመረጠው ወታደር ደሞዙ ሳይቋረጥ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የነርስነት ዲግሪውን በ24 ወር ውስጥ ይጨርሳል። ፈተናውን ሲያልፍ ምክትል መቶ አለቃ ይሆናል፤ ከዚያ ቴክሳስ በሚገኘው ፎርት ሳም ሂውስተን የጤና መኮንኖችን ኮርስ ይወስዳል። «ሁለት ዓመት ብቻ!» ብሎ የሚደሰት ሰው ግን አንድ ነገር ዘንግቷል። በ24 ወር መጨረስ የሚችለው አናቶሚውን፣ ኬሚስትሪውንና ስታቲስቲክሱን ቀድሞ የጨረሰ፣ የነርሲንግ ትምህርት ቤትም የተቀበለው ሰው ነው። ያ ቅድመ ትምህርት የሚወሰደው ከሥራ መልስ በማታ ነው። ሳጅን እስክሆን ልጠብቅ የሚል ልጅ የሚያባክነው ይህንኑ ጊዜ ነው።

ከጎንደር ወይም ከባሕር ዳር በነርስነት ተመርቆ የሄደም አለ። ዲግሪው ዋጋ አለው፤ ባለዲግሪ ስለሆነ ከተራ ወታደር ከፍ ብሎ በስፔሻሊስት ማዕረግ ሊጀምር ይችላል፣ ማስረጃው ተገምግሞም ለኤንክሌክስ ሊቀመጥ ይችላል። ጦሩ ለነርስ መኮንን የሚጠይቀው ግን አሜሪካ በምታውቀው አካል ዕውቅና ከተሰጠው ፕሮግራም የተገኘ ዲግሪ ነው። እዚያ እንደገና ሲማር የቀድሞ ኮርሶቹ ይያዙለት ዘንድ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ታሽጎ በቀጥታ መላክ ሊኖርበት ይችላል። ባሕር ዳር ያለ ወንድም ወይም እኅት በእውነት የሚረዳው እዚህ ላይ ነው፤ ውክልና ይዞ ሬጅስትራር ደጃፍ መመላለስ ከባድ ቢሆንም።

ተረት፦ ወታደር ነርስ ሲሆን ዝቅ አለ።

ልዕልት ፀሐይ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ሆና፣ በስደት ዘመን ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራለች። እ.ኤ.አ. በ1942 ነቀምቴ ላይ በወጣትነቷ ስታርፍ አዲስ አበባ ላይ በስሟ ሆስፒታል ተሠራ፤ ያ ሆስፒታል ዛሬ የምናውቀው ጦር ኃይሎች ነው። የአሜሪካ ጦር የጤና ዋና አዛዥ ሆና እ.ኤ.አ. በ2011 የተሾመችው ሌተና ጄኔራል ፓትሪሺያ ሆሮሆም ነርስ ነበረች። «የሴት ሥራ ነው» ለሚለው ደግሞ፣ በዚያው ጦር ወንዶች የነርስ መኮንን እንዳይሆኑ እስከ 1955 (እ.ኤ.አ.) ድረስ በሕግ ተከልክለው ነበር። እኛ ዘንድ ማንኛውም ሆስፒታል ገብቶ ያየ ሰው ወንድ ነርሶች ምን ያህል እንደሆኑ ያውቃል።

ተረት፦ አንዴ መኮንን ከሆነ አለቀ።

ማዕረግ በየጊዜው አይታደስም፤ የነርስ ፈቃድ ይታደሳል። አገራችን ውስጥ ለእድሳቱ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ሥልጠና ያስፈልጋል፤ አሜሪካም ግዛቶቹ የየራሳቸው የእድሳት ጊዜ አላቸው። ፈቃዱ ያለፈበት ሻምበል ፈቃዱን እስኪያሳድስ ድረስ እንደ ነርስ በሽተኛ አይረከብም።