የበዓል ልብስና የሸማኔው እጅ

በሰሜን ጎንደር ዞን በአዲ አርቃይ፣ በደባርቅና በዳባት የጥምቀት በዓል ሲከበር ታቦታቱ በመጎናጸፊያ ተሸፍነው በካህናት ራስ ላይ ይወጣሉ። ምእመናኑም ነጭ ሸማ ለብሰው ያጅባሉ። ታቦቱ ለሕዝብ ዓይን አይገለጥም። ከመጎናጸፊያዎቹና ከጃንጥላዎቹ ብዙዎቹ በስለት የገቡ ናቸው።

በናይጄሪያና በቤኒን የሚኖሩት ዮሩባዎችም «ኤጉንጉን» በተባለው የቀደምት አባቶች መታሰቢያ ሥርዓት ለባሹን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ በጨርቅ ይሸፍኑታል። ቤተሰቡ በየጊዜው አዲስ ጨርቅ ስለሚደርብበት ልብሱ የትውልድ ማስታወሻ ይሆናል። ሥርዓቶቹ በእምነት ይዘታቸው የተለያዩ ቢሆኑም፣ ጨርቅ ለተከበረው ነገር መጋረጃ፣ ለሰጪው ደግሞ መታሰቢያ መሆኑ ያመሳስላቸዋል።

የምእመኑ ሸማ የብዙ እጆች ውጤት ነው። ጥጡ ከፍሬው ተለይቶ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርትም ይፈተላል፤ ይህም በአብዛኛው የሴቶች ሥራ ነው። ሸማኔው ድሩን ወጥሮ፣ መርገጫውን እየረገጠ ማጉን በመወርወሪያ ያሳልፋል። ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ ደግሞ አራት ድርብ ነው። በደጋው ከበግ ጠጉር በርኖስና ባና ይሠራል።

አለባበሱም የራሱ ቋንቋ አለው። ነጠላን መስቀልያ ማጣፋት የቤተ ክርስቲያን፣ ጥለቱን ወደ ፊት አዙሮ መልበስ የኀዘን፣ ወገብ ላይ ማደግደግ ደግሞ የአክብሮት ምልክት ነው።

በሰሜንና በወገራ ሽመናን ከብረትና ከሸክላ ሥራ ጋር ይዘው ከኖሩት መካከል ቤተ እስራኤላውያን ይገኙበታል። ኅብረተሰቡ ሥራቸውን እየለበሰ ባለሙያዎቹን ግን «ቡዳ» እያለ ይንቅ ነበር። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በተካሄዱት ታላላቅ ጉዞዎች ብዙዎቹ ወደ እስራኤል ሲሄዱ ሙያቸውም አብሯቸው ሄዷል።

የዮሩባዎች የ«ገለዴ» ጭምብል ሥርዓት እ.ኤ.አ በ2008፣ ጥምቀት ደግሞ በታህሣሥ 2012 ዓ.ም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍረዋል። ሆኖም በዓሉ በመዝገብ መስፈሩ ብቻ ሸማኔውን በሥራው አያቆየውም። በፋብሪካ የታተመ ጥለት በርካሽ በሚሸጥበት ገበያ የእጅ ሥራ ዋጋውን የሚያገኘው ገዢው ልዩነቱን ሲያውቅ ነው።

ስለዚህ በየደረጃው የሚገኙ የባህልና የቱሪዝም ኃላፊዎች በዓሉን ሲመዘግቡ የሸማኔዎችንና የፈታዮችን ሙያ አብረው ሊመዘግቡ፣ ለመሥሪያ ቤት ስጦታና ሽልማት የሚሆኑ ሸማዎችንም በቀጥታ ከአምራቾቹ ሊገዙ ይገባል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ድሩን የሚፈትልና የሚያደራ ሲኖር ነው።