ምጣዱና መኪናው በአንድ መስመር

ሶኬቱ ነጭ ነበር። አሁን የአንደኛዋ ቀዳዳ ዙሪያ ቡና መስሏል፤ ጠጋ ብሎ ላሸተተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ያለው ጎረቤቴ ሰርቪስ ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ቀን የእንጀራ ምጣድ ይሰካበታል፤ ማታ ደግሞ በመስኮት በወጣ ኤክስቴንሽን አዲሱ የቻይና መኪናው። ኤሌክትሪሺያኑ ልጅ የእጁን ጀርባ ስፒናው ላይ አስነክቶ ወዲያው መነጨቀ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ምጣድ አይደለም» አለው።

ጎረቤቴ ቅር አለው። ምጣዱም የመኪናው ገመድም የሚስቡት ያው 16 አምፔር፣ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ነው። ምጣዱ ስንት ዓመት ሲጋገርበት ምንም ያልሆነ ሶኬት በመኪና በወር ውስጥ ለምን ይነዳል?

ልዩነቱ ሰዓቱ ነው። እንጀራ ሁለት ሰዓት ቢጋገር ነው፤ ከዚያ ይነቀላል፣ ሶኬቱም ይበርዳል። መኪናው ግን እስኪነጋ ሊጎትት ይችላል። ስፒናውና ሶኬቱ በሚነካኩበት ቦታ የ0.05 ኦም ላላ ያለ ግንኙነት ቢኖር፣ 16 አምፔር ሲያልፍበት 13 ዋት ያህል ሙቀት ይፈጠራል። ይህ ከትንሽ የሬዲዮ ጠጋኝ ካውያ እምብዛም አያንስም። ሙቀቱ የሶኬቱን ከንፈር ያላላዋል፤ ሲላላ ይበልጥ ይሞቃል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲህ እየተባባሰ ያድራል።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ የብዙ ግቢ ጥያቄ ሆኗል። ቻርጀር ገዢው ግን የሚጠይቀው ሌላ ነው፤ «ስንት ኪሎዋት ነው?» ትልቁን ገዝቶ ይገባል።

እዚህ ላይ ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሳጥን ቻርጀር አይደለም። ባትሪ የሚቀበለው ዲሲ ብቻ ነው፤ ከመብራት ኃይል የሚመጣው ደግሞ ኤሲ ነው። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው እውነተኛው ቻርጀር መኪናው ውስጥ ተቀምጧል። ሳጥኑ ትልቅ ማብሪያ ማጥፊያና ዘበኛ ነው ብንል አልተሳሳትንም። ከመኪናው ጋር የሚነጋገረው በአንዲት ቀጭን ሽቦ ነው፤ በሴኮንድ 1000 ጊዜ ብልጭ ድርግም የሚል የ12 ቮልት ምልክት ይልክባታል። ምልክቱ ከእያንዳንዱ ዙር 53 በመቶውን በርቶ ከቆየ «እስከ 32 አምፔር መሳብ ትችላለህ» ማለት ነው፤ 27 በመቶ ከሆነ «ከ16 እንዳታልፍ»። መኪናው ይህን ሰምቶ ከራሱ አቅም ጋር ያመዛዝንና ያነሰውን ይወስዳል።

ስለዚህ የመኪናዎ ውስጥ ቻርጀር 7 ኪሎዋት ከሆነ፣ ባለ 22 ኪሎዋት ሳጥን ቢሰቅሉም የሚያገኙት 7 ነው። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ብዙ የቤት መኪኖች በሲንግል ፌዝ እዚያው 7 ኪሎዋት አካባቢ ላይ ይቆማሉ። ለእነሱ ብሎ ስሪ ፌዝ ማስገባት ገንዘብ መበተን ነው።

ደግሞስ 7 ኪሎዋት ራሱ ያስፈልጋል ወይ? ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ፣ መሀል ላይ ዞር ዞር ተብሎ 40 ኪሎ ሜትር እንበል። መካከለኛ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 16 ኪሎዋት ሰዓት ቢበላ፣ ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ ለቀኑ 7 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃል። ከአንዳንድ መኪና ጋር የሚመጣው ትንሿ ባለ 10 አምፔር ገመድ በ220 ቮልት 2.2 ኪሎዋት ይሰጣል፤ ይህን በሦስት ሰዓት ከሩብ ይሞላዋል። ሰው ስሌቱን የሚያበላሸው ባዶ ባትሪ እስከ አፉ ለመሙላት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ ሲያስብ ነው፤ ማታ ቤቱ የሚገባው ግን ባዶ ባትሪ ይዞ አይደለም። በቀን 200 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ የታክሲ ሹፌር ነገሩ ሌላ ነው። እሱ 36 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ያስፈልገዋል፤ በትንሿ ገመድ 16 ሰዓት፣ በ7 ኪሎዋት ሳጥን ከአምስት ሰዓት ትንሽ አለፍ ይላል። ለእሱ ትልቁን ሳጥን ያለማመንታት እመክራለሁ።

ከሳጥኑ የተረፈውን ገንዘብ ሽቦ ላይ ማዋል ነው። ከብሬከር ሳጥኑ እስከ መኪና ማቆሚያው 30 ሜትር ቢሆንና የተዘረጋው 2.5 ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢሆን፣ በ16 አምፔር 107 ዋት ገደማ ሽቦው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። አምፔሩን እጥፍ አድርገው 32 ቢያደርሱት ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ይሆናል፤ 430 ዋት። ባለ 6 ካሬ ሽቦ በዚያው 32 አምፔር ወደ 180 ዋት ያወርደዋል። የመኪናው መስመር ሌላ ምንም ዕቃ የማይጋራው፣ ከዋናው ብሬከር የሚነሳ፣ የራሱ ብሬከር ያለው ይሁን። ኤክስቴንሽን ግን በፍጹም፤ በተለይ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ሙቀቱ መውጫ የለውምና።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ኧርዝ ነው። ገመዱ ሲሰካ ቀይ መብራት አብርቶ አልሠራም ይላል፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ሶኬቱ ኧርዝ የሌለው መሆኑ ነው። ወይም የቻይናው ጠፍጣፋ ስፒና ከእኛ ክብ ቀዳዳ ጋር የተገናኘበት አዳፕተር ኧርዙን መሀል ላይ አስቀርቶታል። እዚህ ላይ አንዳንድ ባለሙያ ነኝ ባይ የሚሠራው ብልጠት አለ፤ ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ይቋጥረውና መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል። ደንበኛው ደስ ይለዋል፣ ይከፍላል። አንድ ቀን ኒውትራሉ ከበላይ ቢበጠስ ግን መመለሻ ያጣው ኤሌክትሪክ በዚያች ቋጠሮ አድርጎ የመኪናው አካል ላይ ይወጣል። መኪናው ጎማ ላይ ነው የቆመው፤ ወደ መሬት የሚያፈስበት የለም። 220 ቮልቱን ተሸክሞ እርጥብ መሬት ላይ በባዶ እግሩ የቆመ መኪና አጣቢ ይጠብቃል።

መፍትሔው መሬት ውስጥ የሚቀበር የመዳብ ዘንግ ነው። አፈሩ በበጋ ሲደርቅ ኤሌክትሪክ ማስተላለፍ ስለሚያቅተው የድሮ ባለሙያዎች በዙሪያው ከሰልና ጨው የሚጨምሩት ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ላይ 30 ሚሊአምፔር ሲያፈስ የሚቆርጥ አርሲዲ ይኑር። ተራው አርሲዲ ከመኪናው ዲሲ ሲያፈስበት ሊደነዝዝ ስለሚችል፣ ሳጥኑ 6 ሚሊአምፔር ዲሲ የሚለይ መሆኑን ሻጩን ጠይቁት። ካልገባው ሌላ ሱቅ ሂዱ።

የቀረው ቀላል ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ጂቢ/ቲ የሚባለውን መሰኪያ ይጠቀማል፣ ለአውሮፓ የተሠራው ታይፕ ቱ። ሁለቱም ሰባት ጫፍ አላቸው፣ ሲታዩም ይመሳሰላሉ፤ ወንድና ሴታቸው ግን ተገለባብጧል፣ ያለ አዳፕተር አይገጥሙም። ለክረምት ዝናብ አይፒ 65 የተጻፈበት ይሻላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ራሱ የሚቀጥል መሆኑንም አረጋግጡ፤ አለዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት ብልጭ ብሎ ይመለስና ጠዋት መኪናው እንዳለ ይጠብቃችኋል። ቆጣሪው ላይ በወር 210 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይጨመራል፤ የቤት ታሪፋችን በፍጆታ ደረጃ ከፍ የሚል በመሆኑ ሂሳቡ ከምትገምቱት ትንሽ ይዘላል።

ጎረቤቴ በመጨረሻ ባለ 32 አምፔር ሳጥን ገዛ፣ ልጁም 6 ካሬ ሽቦ ከዋናው ብሬከር አንስቶ እስከ መኪና ማቆሚያው ዘረጋለት። ሳጥኑን ከፍቶ ግን 16 አምፔር ላይ አሠረው፤ ቤቱ ምሽት ላይ ሌላ ብዙ ነገር ይስባል። ጎረቤቴ ለምን ሙሉውን እንዳልለቀቀለት ሁለት ጊዜ ጠየቀ፣ ልጁም ሁለት ጊዜ መለሰለት። ከመሄዱ በፊት የሰርቪስ ቤቱን ሶኬት ፈትቶ ጣለና አዲስ ገጠመ። ምጣዱ አሁን ብቻውን ነው የሚሰካበት።